የሮበርት ስሞልስ የሕይወት ታሪክ

ዘንድሮ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ አሜሪካዊ መርከበኛና የሕዝብ እንደራሴ ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ሮበርት ስሞልስ በ1839 በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፥ ቦፎርት በምትባል ከተማ፥ ከባሪያ እናት ተወለደ። 12 ዓመት ሲሆነው ጌታው ወደ ቻርልስተን ወደብ ልኮ ለሥራ አከራየው። በዚያም የመርከብ ሸራ መስፋት፥ ገመድ መወጠርና መሪ መያዝ ተማረ። ነገር ግን ከደመወዙ በሳምንት 1 ዶላር ብቻ ሲቀርለት የተረፈውን ጌታው ይወስደው ነበር። ሚስቱንና ልጁን ከባርነት ለመዋጀት 800 ዶላር ተጠየቀ፤ በእጁ የነበረው ግን 100 ያህል ብቻ ነበር።

በ1861 የርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ለባርነት የቆሙት ደቡቦች “ፕላንተር” በምትባል የእንፋሎት መርከብ ላይ አሠሩት። ሜይ 13 ቀን 1862 ሌሊት ነጮቹ ሹማምንት ወደ ከተማ ወጥተው ሳለ፥ ስሞልስ የካፒቴኑን ባርኔጣ ደፍቶ መርከቧን አስነሣ። ቤተሰቡንም ከመንገድ አሳፈረ። በፎርት ሰምተር መድፍ ሥር ሲያልፍ የታወቀውን ምልክት በመርከቧ ፊሽካ ስለ ሰጠ ማንም አልጠረጠረውም። ከዚያም ነጭ አንሶላ ሰቅሎ መርከቧን ከነመድፎቿ ለሰሜኖች አስረከበ። በዚያች ሌሊት 16 ሰዎች ነፃ ወጡ።

ይህ ጀግንነቱ የታወቀ ነው፤ እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ስሞልስ ያን ጊዜ ማንበብ አያውቅም ነበር፤ ፊደል የቆጠረው ልጆች ከወለደ በኋላ ነው። በ1868 የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ላረቀቀው ጉባኤ ተመርጦ፥ ለልጆች ሁሉ ያለ ክፍያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ተከራከረ። በዚያው ዓመት ለግዛቲቱ ምክር ቤት፥ በ1870 ለሴኔቱ ተመረጠ፤ በ1875ም ዋሽንግተን ከሚገኘው ኮንግሬስ ገባ። የቀድሞ ጌታውንም ቤት ገዝቶ ኖረበት።

ይሁን እንጂ በ1895 ሌላ ጉባኤ ተሰብስቦ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ለመንጠቅ የማንበብን ችሎታ መመዘኛ አደረገ። ስሞልስ በጉባኤው መካከል ቆሞ ተቃወመ፤ ግን ተሸነፈ። በ1915 በተወለደበት ከተማ ዐረፈ።

የእኔ አባት እስከ ዛሬ የሚፈርመው በአውራ ጣቱ ነው። እንዲማር ስለምነው “እኔማ አረጀሁ፤ አንተ ተማርልኝ” ይለኛል። ፊደል ያላወቀ ሰው መብቱን በሌላ እጅ እንደሚያኖር ከዚህ ታሪክ ተረዳሁ። ስለዚህ በመጪው ክረምት አገር ቤት ስገባ አስቀድሜ ይህን ታሪክ አነብለታለሁ፤ ቀጥሎም ከ“ሀ” እንጀምራለን።