ሁለት አውራ ዶሮ በአንድ ግቢ፦ ጠቡ ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይያዛል?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሱኝ ሁለት አውራ ዶሮዎች ናቸው። አንዱ ቀይ፣ ሌላው ገብስማ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለእረፍት ፍኖተ ሰላም ቤተሰቦቼ ጋ ስሄድ እነዚህ ሁለቱ ግቢውን ሰላም ነስተውት ደረስኩ። የባዮሎጂ ተማሪ ነኝና "ታዲያ አንተ የምትማረው ምንድን ነው?" ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር የእንስሳት ባህርይ ኮርስ ላይ ያመጣሁት ውጤት ጥሩ ነበር። ሆኖም መጀመሪያ የሰጠሁት ምክር የተሳሳተ ስለነበር ቀዩ አንድ ዓይኑን አጥቷል። ስለዚህ የምጽፈው ትንሽ እያፈርኩ ነው።

"አንዱን አርዶ መብላት ነው እንጂ ይሄ ምን ያስጨንቃል?" የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ የዶርም ጓደኞቼም ያሉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቀዩን ታናሽ እህቴ በእጇ ነው ያሳደገችው። ገና ጫጩት ሳለ እናቱን ሸለምጥማጥ ስለበላበት ማታ ማታ ምድጃ አጠገብ በካርቶን እያስተኛች ነው ለዚህ ያደረሰችው። ገብስማውን ደግሞ አክስቴ ከገጠር ለዘር ብላ ያመጣችው ነው። እማዬ ለእኔ የኪስ ገንዘብ የምትልከው እንቁላል ሸጣ ስለሆነ፣ ከገብስማው የሚወለዱት ቄቦች ትልቅ ተስፋዋ ነበሩ። በዚያ ላይ ፍልሰታ እየደረሰ ነው፤ በጾም ዶሮ ማን በደህና ዋጋ ይገዛል? ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ግቢ መኖር ነበረባቸው።

ቤተሰቡን ግራ ያጋባው ነገር ሁለቱ መጀመሪያ ላይ ተስማምተው መኖራቸው ነው። ገብስማው በፋሲካ ማግስት ሲመጣ የአራት ወር ገደማ ነበር። ቀዩ አንድ ሁለቴ ጠቆም አደረገውና ተወው። ሐምሌ ሲገባ ግን ገብስማው መጮህ ጀመረ፤ አናቱ ላይ ያለው ሥጋ ቀልቶ አበጠ፣ ሴቶቹንም መከተል አመጣ። ጠቡ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። እማዬ "ዓይን በላቸው" አለች። እኔ ግን የሚጠበቅ ነገር ነው አልኩ፤ እዚህ ላይ እንኳ ትክክል ነበርኩ።

ይህን ጉዳይ ከሁሉ ቀድሞ በሙከራ ያሳየው አርኖልድ በርቶልድ የተባለ የጀርመን ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 በጎቲንገን ከተማ በስድስት ወጣት አውራ ዶሮዎች ላይ ሠራ። የዘር ፍሬያቸው ሙሉ በሙሉ የወጣባቸው አልጮኹም፣ አልተደባደቡም፣ የአናታቸውም ሥጋ ኮሰመነ። ፍሬው ወጥቶ ሆዳቸው ውስጥ ሌላ ቦታ የተተከለላቸው ግን እንደ ማንኛውም አውራ ጮኹ፣ ተደባደቡም። ከቀድሞው ነርቭ ጋር የነበረው ግንኙነት ስለተቋረጠ መልእክቱ የሚተላለፈው በደም ነው ማለት ነው። ዛሬ ቴስቶስትሮን የምንለው ሆርሞን ገና ስም ሳይወጣለት ማለት ነው። ገብስማው እንግዲህ ስድስት ወር ሲያልፈው ይህ ሆርሞን በደሙ መጣ፤ ቀዩም "ልጅ ነው" ብሎ የተወውን አሁን እንደ ባላንጣ አየው። (ለምን አናኮላሸውም ያለኝ ሰው ነበር። የዶሮ ዘር ፍሬ ሆድ ዕቃ ውስጥ ከኩላሊት አጠገብ ስለሆነ እንደ በሬና ፍየል ቀላል አይደለም፤ ቀዶ ሕክምና ነው።)

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። ኮርሱ ላይ የኖርዌዩን ሼልደሩፕ-ኤቤን ተምረናል። ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ ሲመለከት ያደገ ሲሆን፣ ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር የታወቀ ተራ እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጽፏል። ተራው አንዴ ከተያዘ ጠብ ይቀንሳል፤ የበታቹ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ዞር ይላል፣ የበላዩም ይተወዋል። ጎረቤታችን ያሉ አንድ አዛውንት "ተዋቸው ልጄ፣ ይለይላቸው" ሲሉኝ፣ ሳይንሱም ከእርሳቸው ጋር ስለመሰለኝ ተዋቸው አልኩ።

የረሳሁት ነገር ቢኖር የበታቹ ዞር የሚልበት ቦታ ያስፈልገዋል የሚለውን ነው። በሰፊ መስክ የተሸነፈው ይሮጣል፣ ከቁጥቋጦ ኋላ ይደበቃል፤ ካልታየ ነገሩ ያበቃል። የእኛ ግቢ ግን በርምጃ ስለካው አስራ ሁለት በስምንት ነው፤ ዙሪያው ታጥሮ በሩም ዝግ ነው። ሁለቱ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ የአንገታቸውን ላባ እንደ ጃንጥላ ነፋ አድርገው ዓይን ለዓይን ይፋጠጣሉ፤ ከዚያ ተነሥተው በእግራቸው ይማታሉ። ጉዳቱን የሚያደርሰው አፋቸው ብቻ አይደለም፣ ከእግራቸው ኋላ የሚወጣው ሹል ነገር ነው። በሁለተኛው ቀን ቀዩ ተሸነፈ፤ ተሸንፎ ግን የት ይሂድ? የማገዶው ክምር ሥር ገባ፣ ገብስማው ተከትሎት ገባ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እህቴ ስታወጣው ግራ ዓይኑ ፈስሷል። ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ያን ማታ ደብተሬን አውጥቼ አገላበጥኩ። መምህራችን ስለ ወንድ አረንጓዴ ኢጉዋና የሰጡን ምሳሌ ነበር። ኢጉዋና የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ትልቅ እንሽላሊት ነው፤ እዚያ በቤታቸው የሚያሳድጉት ሰዎች አሉ። በመራቢያ ወቅት ወንዱ ቀለሙ ወደ ብርቱካንማ ሊያደላ ይችላል፤ ራሱን ወደላይና ወደታች ይነቀንቃል፣ ከአገጩ ሥር ያለውን ቆዳ ይዘረጋል። ሁለት ወንዶች አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ የተሸነፈው ሙቀት ካለበት ቦታ ይባረራል፤ ሙቀት ካላገኘ ደግሞ የበላውን መፍጨት አይችልም። ስለዚህ አንድም ንክሻ ሳይኖር ሊከሳና ሊታመም ይችላል። መፍትሔው ታዲያ መስታወት መሐላቸው ማቆም አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ መተያየቱ ራሱ ጠብ ነውና። እንዳይተያዩ ማድረግና ለእያንዳንዱ የራሱን ሙቀት፣ ምግብና መደበቂያ መስጠት ነው። ይህን ደብተሬ ላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፣ ለፈተናም አጥንቼዋለሁ። ዶሮ ላይ እንደሚሠራ ግን አላሰብኩም።

እንደዚያም ሆኖ መጀመሪያ ያደረግሁት ግቢውን በሽቦ መክፈል ነበር፤ በእጃችን የነበረው እርሱ ስለሆነ ነው። በሽቦው ቀዳዳ አፋቸውን እያስገቡ ተናከሱ፤ ሁለቱም ደሙ። ደም ደግሞ በዶሮ ዘንድ ክፉ ነገር ነው፤ ቀይ ያየችውን ቁስል ሁሉ ሴቷም ሳትቀር ትነቁራለች። ስለዚህ ቀዩን ቁስሉ እስኪደርቅ ብቻውን ጓዳ አስገባነው፤ የእንስሳት ሐኪም ያዘዘውን ቅባትም እህቴ ጠዋትና ማታ ትቀባው ነበር።

ከዚያ ሽቦው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፋንበት፣ ከሰው ደረት ከፍ ያለ። በዚያው ቀን ፀጥ አሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ገብስማው የማገዶ ክምሩ ላይ ወጥቶ ማዶውን ሲያይ ያዝኩት፤ ክምሩን ወደ ጥግ አዛወርነው። አስራ አንዱን ሴት ዶሮዎች ስድስትና አምስት አድርገን ከፈልናቸው። ለአስር ሴት አንድ አውራ ይበቃል ስለሚባል ይህ ክፍፍል ብክነት ነው ሊባል ይችላል፤ ግን የጠቡ አንዱ ምክንያት ሴቶቹ ናቸው። ፉርሽካና ውኃውም ሁለት ቦታ ሆነ። ማታ ቀዩ በቆጡ ላይ፣ ገብስማው ማድቤት ያድራሉ።

ድምፅን መከለል ግን አልተቻለም። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ንጋት ላይ ቀድሞ የሚጮኸው በተራው የበላይ የሆነው አውራ ነው፤ ሌሎቹ በየደረጃቸው ይከተላሉ። እኔም ለዘጠኝ ቀናት ንጋት ላይ እየነቃሁ መዘገብኩ፤ ሰባቱን ቀን የቀደመው ገብስማው ነው። በዘጠኝ ቀን ምዝገባ ምንም ማለት እንደማይቻል የስታትስቲክስ መምህራችን ይነግሩኛል። ቢሆንም ቀዩ ከከረጢቱ ወዲህ ሆኖ ጠብቆ ሲመልስ መስማቱ ደስ ይላል።

ሁለት ሳምንት ያህል ሰላም ሲሆን እህቴ ታርቀዋል ብላ ቀዩን አሻገረችው። ደቂቃ አልሞላም፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ። መለያየት ያስታርቃል ብለን እናስብ ይሆናል፤ ዶሮ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ሳይተያዩ ሲቆዩ ተራው ይረሳል፣ ሲገናኙም እንደ እንግዳ ነው። ስለዚህ ይህን የሚሞክር ሰው ግርዶሹን ለጥቂት ቀን ሳይሆን ለዘለቄታው ነው ማሰብ ያለበት። አንዱን አውራ እግሩን በገመድ የሚያስሩ ጎረቤቶችም አይቻለሁ፤ በእኔ አስተያየት ይህ ከሁሉም የከፋ ነው። ያልታሰረው መጥቶ ሲመታው የታሰረው መሸሽ እንኳ አይችልም።

ዶሮ ዓይኑ በጎንና በጎን ስለሆነ ቀዩ አሁን በግራ በኩል የሚመጣውን አያይም፤ በዚያ በኩል ድንገት ሲነኩት ይደነግጣል። እህቴ ሁልጊዜ በቀኙ በኩል ነው የምትቀርበው፣ እህሉንም በዚያው በኩል ትበትንለታለች። የማዳበሪያው ከረጢት የክረምቱን ዝናብ አልቻለም፤ በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ በቆርቆሮ ተክተነዋል። ለቆርቆሮው መግዣ እማዬ የዘመን መለወጫ ዕለት ሁለት ዶሮ ሸጠች፤ ሁለቱም ሴቶች ነበሩ።