ወረፋውና ሠራተኞቹ

እዚህ ሐርጌሳ ሰው ሁሉ በስልክ ገንዘብ ይላላካል። የቴሌሶም ዛድ የተጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። እስቲ ዛሬ ብዙ ጥሪ በአንድ ጊዜ የሚደርሰው ሰርቨር እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

ሰርቨሩ ጥሪውን ተቀብሎ ለአንድ ስሬድ ያስረክባል፤ መልሱን ቆሞ ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ጥሪ ያልፋል። ስሬድን እንደ ሠራተኛ አስቡት። ለየጥሪው አዲስ ሠራተኛ ቢቀጠር ሜሞሪው ያልቃል። ስለዚህ ቁጥራቸው ይወሰናል፤ የተረፈው ጥሪ ይሰለፋል። ይህም ስሬድ ፑል ይባላል።

በጃቫ ቋንቋ ቋሚ ሠራተኛ 4፣ ከፍተኛ 10፣ ወረፋ 20 ብለን ወሰንን እንበል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 5ኛው ሠራተኛ የሚጨመረው አራቱ ሥራ ስለያዙ ሳይሆን ወረፋው ሲሞላ ነው! ወረፋው ገደብ ከሌለው አይሞላም፤ 10 ብለን የጻፍነውም ከንቱ ይቀራል። አንዱ ጥሪ 2 ሰከንድ ቢፈጅ፣ 100 ጥሪ ሲደርስ የመጨረሻው 50 ሰከንድ ይወስዳል። መድኃኒት ቤት የቆመች እናት ገንዘቡ ይለፍ አይለፍ ሳታውቅ ትጠብቃለች። ወረፋው 20 ከሆነ ግን፣ አንዱም ሳያልቅ የመጣው 31ኛ ጥሪ ወዲያው ይመለሳል። «ቆይተው ይሞክሩ» የሚለውን መልስ መጻፍ የእኛ ሥራ ነው፤ ካልጻፍነው ጠሪው ግልጽ መልስ አያገኝም።

መልመጃ፦ 10ሩም ሠራተኞች ሲሠሩ በሰከንድ ስንት ጥሪ ያልቃል? ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው።