ሁለተኛው አልጋ ለማን ነው?

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 61 ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሲናና ቢሆንም አብዛኛውን ዕድሜዬን የኖርኩት ጀርመን ነው። እኔና ባለቤቴ በየበጋው ካራቫን ከመኪናችን ኋላ አስረን አገር ላገር እንዞር ነበር። እሱ ይነዳል፣ እኔ ካርታ አነባለሁ፤ ወደ ኋላ ሲመልስ ደግሞ ወርጄ በእጄ አመለክተዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ዐረፈብኝ። እኔም ጡረታ ወጥቼ፣ ባሌ ሮቤ ቤት ሠርቼ ገባሁ።

አሁን ብቻዬን መጓዝ አምሮኛል። የሶፍ ዑመርን ዋሻ፣ የሳነቴን አምባ፣ የሐረናን ደን፣ ከዚያም ራቅ ያለውን። ተሳቢ ብቻዬን እንደማልችለው ስለማውቅ መኝታ ያለው መኪና አሰብኩ። አንድ ባለ ጋራዥ አይሱዙ ላይ ሁለት አልጋ፣ ወጥ ቤትና መጸዳጃ ያለው ቤት እሠራልሻለሁ ብሎኛል። ሌላው ምርጫዬ ዶልፊን ሚኒባስ ገዝቼ ወንበሩን ማስወጣት ነው። ልቤ ወደ ትልቁ ያደላል። ልጄ ግን «እማዬ፣ ሁለቱም እብደት ነው» ይለኛል። ጎረቤቶቼም «ቤት እያላት መኪና ውስጥ ልታድር ነው» እያሉ ያዝኑልኛል። ምን ይመክሩኛል?

መንገደኛዋ፣ ከሮቤ

መልስ

ውድ መንገደኛ፣

ፈጣሪ ያጽናዎት። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ብቻዬን እጓዛለሁ ብለው ሲያበቁ ልብዎ ወደ ሁለት አልጋ አደላ። ሁለተኛው አልጋ ለማን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። የሚመስለኝን ልንገርዎት፤ የባለቤትዎን ቦታ ባዶ ማድረግ ከብዶዎታል።

ይህ ስሜት ከካራቫን ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በጀርመን የመጀመሪያውን ካራቫን በ1931 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሠራው አሪስት ዴትሌፍስ ነው። ቤተሰቡ ጅራፍ አምርቶ የሚሸጥ ነበር፤ እሱም ለሽያጭ ዘወትር መንገድ ላይ ነበር። ከእጮኛው ከፍሪደል መለየት ስላልፈለገ አብራው የምትጓዝበትን፣ ሠዓሊ ስለነበረችም ሥዕሏን የምትሠራበትን ተጎታች ቤት ሠራ። ካራቫን ከመጀመሪያውም ለሁለት ሰው ታስቦ የተሠራ ዕቃ ነው። እርስዎ ግን አሁን የሚመርጡት ለአንድ ሰው ነው። ባለቤትዎን መውደድዎ የመኪናውን ርዝመት እንዲወስን አይፍቀዱለት። ትንሹን ይምረጡ።

ምክንያቴን ላስረዳ። የተሳቢ ችግሩ መጎተቱ ብቻ አልነበረም፤ ከኋላ ቆሞ የሚያመለክት ሁለተኛ ሰው መፈለጉ ነው። ትልቁ አይሱዙም ያንኑ ሰው ይፈልጋል። በአገራችን የጭነት መኪና ያለ ረዳት የማይወጣው በከንቱ አይደለም፤ እርስዎ ደግሞ ረዳት የሌለዎት ሾፌር ነዎት። አጭሩ ዶልፊን 4.7 ሜትር ገደማ ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ኮምባይነር ፊት ለፊት ቢመጣብዎ ብቻዎን ዳር ይይዛሉ፤ መንገድ ቢሳሳቱም ብቻዎን አዙረው ይመለሳሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ዳገቱ ነው። ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚወጣው መንገድ ከ2,700 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ያደርሳል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር የጉልበቱን ሲሶ ያህል ያጣል። የአልጋ፣ የመጸዳጃና የውሃ ታንከር ክብደት ሲጨመርበት ችግሩ ይብሳል፤ ወደ ሐረና ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ያ ሁሉ ክብደት ፍሬን ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቱርቦ ያለውን ናፍጣ ይፈልጉ፤ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ይውረዱ።

ዝግጁ መኪና ከጀርመን ላስመጣ ብለው አስበው ከሆነ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለ እዚሁ ያለውን መግዛት ይሻላል። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ግን ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የእርስዎ መንጃ ፈቃድ ለዚያ መኪና ይበቃል ወይ? ወንበሩ ሲወጣስ ለውጡ ሊብሬው ላይ እንዴት ይመዘገባል? ያልተመዘገበ ለውጥ ቦሎ ሲያድሱም ሆነ መድን ሲጠይቁ ጣጣ ያመጣል።

ውስጡን ቀለል አድርገው ያሠሩት። ከቱቦላሬ የተበየደ አንድ አልጋ፣ ከሥሩ የዕቃ ሳጥን፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ለመብራትና ለስልክ ከሞተሩ የተለየ አንድ ባትሪ ይበቃዎታል። ማቀዝቀዣ ለደጋ አያስፈልግም። ወጥ ቤቱም አንድ የጋዝ ምድጃ ይሁን፤ ሳነቴ ላይ ውሃ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ምስር ቶሎ አይበስልልዎትም። ጭኮና በሶ የያዘ መንገደኛ እዚያ አይቸገርም። ስኮርታ ጎማና ክሪክ ሳይዙ አይውጡ፤ ጎማ መቀየሩንም ጎሚስታ ዘንድ ሄደው፣ በገዛ እጅዎ ፈተው አስረው ይለማመዱ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ብርዱ ቢጠና እንኳ ከሰል መኪናው ውስጥ አያስገቡ፤ ለመሞቅ ብለውም ጋዙን አብርተው አይተኙ። የከሰል ጭስ መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ተኝቶ የተነፈሰው ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ለውርጭ ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ ይያዙ፣ መስኮቱን በጥቂቱ ከፈት ያድርጉ። ሶፍ ዑመር ደግሞ ቆላ ስለሆነ አጎበር አይርሱ።

ልጅዎ ፈርቶ ነው። ፍርሃቱን በክርክር አያሸንፉትም፤ ደረጃ በደረጃ ያሳዩት። መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት አንድ ዶልፊን ተከራይተው፣ ወንበሩን አስወጥተው በግቢዎ ውስጥ ይደሩበት። ቀጥለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወዳለው ወደ ዲንሾ ይሂዱ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ የድንኳን ማደሪያ ቦታ አለው፣ ጠባቂዎች አሉት፣ የደጋ አጋዘንም ደጃፍዎ ድረስ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ምድር ደጅዎ ላይ ነው፤ ለመለማመጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። ሳነቴን በቀን ይሻገሩት፤ ሌሊቱን ጎባ ይደሩ።

ከዚያ በኋላ ለልጅዎ እነዚህን ቃል ይግቡለት፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አልነዳም፤ ከመነሳቴ በፊት የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ መናኸሪያ ካሉ ሾፌሮች እጠይቃለሁ፤ ስልክ ወደማይሠራበት ስገባ የምደርስበትን ሰዓት እነግርሃለሁ፤ ከከተማ ስደርስ ዘበኛ ባለው ሆቴል ግቢ ውስጥ አቆማለሁ። የረጅም መንገድ ሾፌሮቻችን እንዲህ አድርገው መኪናቸው ውስጥ ሲያድሩ ኖረዋል። ትንሽ መኪና ለዚህም ትመቻለች፤ የትኛውም የሆቴል በር አይጠብባትም።

ስለ ጎረቤቶችዎ አይጨነቁ። ባሌ የድሬ ሼክ ሁሴን አገር ነው፤ ከሩቅ በእግሩ የሚመጣውን መንገደኛ፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ ሲያስተናግድ የኖረ ሕዝብ ነው። ከቤቱ ርቆ የሚያድር ሰው ሁሉ ቤት እንደሌለው አይቆጠርም። ከጉዞ ሲመለሱ ቡና አፍልተው ይጥሯቸው፤ ያዩትንም ይንገሯቸው።

ስለ ሐዘንዎ የምለው ይህን ነው። ካርታውን ያነበቡት እርስዎ ነበሩ። መንገድ መምረጥ፣ መዞሪያውን ማወቅ፣ የት እንደሚታደር መወሰን የእርስዎ ሙያ ነበር፤ ያ ሙያ ከባለቤትዎ ጋር አልተቀበረም። አሁን የሚጨምሩበት መሪውን ብቻ ነው። መኪናውን በክረምት አዘጋጅተው፣ ዝናቡ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ በኅዳር ይውጡ፤ የመጀመሪያውን ጉዞም ልጅዎ በሚጠብቀው ሰዓት ደውለው ይጨርሱ።