ባጂ በቀቀኖቼ ጥንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ አንድ አረንጓዴና አንድ ነጭ ባጂ በቀቀን አሉኝ። ሻጩ «ጥንድ ናቸው» ብሎኛል። በምን ላረጋግጥ? ለማራባትስ ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ የላባው ቀለም ስለ ጾታ ምንም አይነግርዎትም። ከመንቆሩ በላይ፣ የአፍንጫ ቀዳዳዎቹ ያሉበትን ክፍል ይዩ። አዋቂ ወንድ ላይ ሰማያዊ ነው፤ ሴቷ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ነው፣ ለመራባት ስትደርስ ደግሞ ጠቆር ብሎ ይሻክራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በወጣቶቹ ነው። ወጣት ሴት ፈዛዛ ሰማያዊ ሊኖራት ይችላል፤ ነገር ግን በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ይታያል። ወጣቱ ወንድ ወጥ የሆነ ሐምራዊ ሮዝ ነው። ነጩ ወፍዎ ዓይኑ ቀይ ከሆነ ይጠንቀቁ፤ እንዲህ ያለው ወንድ ካደገም በኋላ ሰማያዊ ላይሆን ይችላል።

አንድ ዓመት ሳይሞላቸው አያጣምሯቸው። የትውልድ አገራቸው አውስትራሊያ ውስጥ በዛፍ ሽንቁር ስለሚፈለፍሉ የሣር ጎጆ አይሠሩም። ክብ መግቢያ ያለው የእንጨት ሳጥን ይስቀሉላቸው፤ ወለሉ ላይ ንጹሕ የእንጨት ፍቅፋቂ ይበትኑ። ከጥራጥሬው ጋር የተቀቀለ እንቁላልና ቅጠላ ቅጠል ይስጡ። ካልሲየም ከጎደላት እንቁላሉ ማኅፀኗ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊገድላት ስለሚችል፣ ተቀቅሎ የደረቀና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት አይጥፋ።

በየሁለት ቀኑ አንድ እየጣለች ከ4 እስከ 6 እንቁላል ታደርሳለች፤ እያንዳንዱ በ18 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ሁለት ዙር ካስፈለፈለች በኋላ ሳጥኑን አውርደው ያሳርፏት። ሁለቱም ሴት ሆነው ከተገኙ ግን ሳጥን ጨርሶ አያስገቡ፤ በእሱ ምክንያት ክፉኛ ይደባደባሉ።