የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ስንመርጥ

መታጠቢያ ቤት ልናሳድስ ወደ ሴራሚክ መሸጫ ስንገባ ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው ላይ ነው። ለግድግዳ ከሆነ መልካም፤ ጠባቡን ክፍል ሰፋ አድርጎ ያሳያል። ወለል ላይ ግን ውሃና ሳሙና ሲነካው አያትን ይጥላል።

ስለዚህ ከቀለሙ በፊት የመንሸራተት ደረጃውን እንጠይቅ። ደረጃው «አር» በምትባለው የላቲን ፊደል ከ9 እስከ 13 ይጻፋል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወለሉ እግር ይይዛል። ለመታጠቢያ ቤት ወለል ከ10 በታች አንውሰድ። ሻወሩ ሥር ትንንሽ ሴራሚክ ይሻላል፤ መጋጠሚያው ስለሚበዛ አያንሸራትትም፣ ወደ ውሃ መውረጃውም ማዘንበል ይቀላል።

ጥቁር ያምራል፤ ግን የእስራኤል የቧንቧ ውሃ የሚተወው ነጭ «አቫኒት» ጥቁር ላይ ጎልቶ ይታያል። በየቀኑ መጥረግ ለማይወድ ግራጫ ወይም የአሸዋ ቀለም ይሻለዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማይታየው ነው። ሴራሚክ ብቻውን ውሃ አያግድም፤ ከሥሩ «ኢቱም» ያስፈልጋል። ቀብላኑ ሴራሚኩን ከማንጠፉ በፊት ወለሉ ላይ ውሃ አቁሮ ኢቱሙን እንዲፈትን በዋጋ ስምምነቱ ላይ በጽሑፍ እናስፍር። አለበለዚያ ውሃው በታች ጎረቤት ጣሪያ ሲወጣ፣ ያ ሁሉ ያማረ ሴራሚክ ይፈነቀላል።

አዛውንት ካሉ የእጅ መያዣው የሚገባበትን ቦታ አስቀድመን እናሳይ፤ የጂፕስ ግድግዳ ከሆነ ከውስጥ መጠናከር አለበት። ሴራሚኩንም 10 በመቶ ያህል አስተርፈን እንግዛ። የተረፈውን አንጣለው፤ ከዓመታት በኋላ ቧንቧ ቢፈነዳ ያንኑ ቀለም ከመደብር ማግኘት ያስቸግራል።