በቤተ ክርስቲያን ባዛር የሚገዛ ዕቃና የንግድ ሥራ ገቢ ግብር

በጠመንጃ ያዥም ሆነ በሌላው የከተማችን ሰፈር ለሚነግድ ሰው፥ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ በሚደረግ ባዛርና ጨረታ ላይ መገኘት የቆየ ልማድ ነው። አንዱ ጧፍና ዕጣን ይገዛል፤ ሌላው ለጨረታ የቀረበውን ጥላ ከዋጋው በላይ ከፍሎ ያነሣል። ሰኔ 30 ቀን ሒሳብ ሲዘጋ ግን፥ «ይህ ገንዘብ በወጪ ይያዝልናልን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በወጪ ተመዝግቦ ኋላ በምርመራ ቢወድቅ ግብሩ ከነመቀጫው ስለሚጠየቅ፥ ነገሩን አስቀድሞ መለየት ይገባል።

አንደኛ፥ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የንግድ ገቢን ለማግኘት አስፈላጊ የሆነ ወጪ እንዲቀነስ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለመደብሩ የሚያገለግል መጥረጊያ ከባዛር ቢገዛም፥ ተገቢ ደረሰኝ ካለው የንግድ ወጪ ነው።

ሁለተኛ፥ ለቤት የተገዛ ጧፍ ወይም ዳቦ የግል ወጪ ስለሆነ አይቀነስም።

ሦስተኛ፥ 800 ብር የሚያወጣ ጥላ በ10,000 ብር ቢነሣ፥ 9,200 ብሩ በጠባዩ ስጦታ ነው። የአዋጁ አንቀጽ 24 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት፥ ወይም መንግሥት ለአደጋ ጊዜ ላቀረበው ጥሪ የተሰጠውን፥ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ከ10 በመቶ ሳይበልጥ ይፈቅዳል። ይኸውም ገቢው 300,000 ብር ለሆነ ነጋዴ እስከ 30,000 ብር ማለት ነው። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም፤ እነርሱ ያቋቋሙትን የበጎ አድራጎት ድርጅት ግን ይመለከታል። እንግዲህ ለሕንፃ ማሠሪያ የተሰጠውና ለተመዘገበ የተራድኦ ድርጅት የተሰጠው በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሕግ ከዚህ ይለያል። በዚያ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠም ይቀነሳል፤ ሆኖም የሚቀነሰው ከዕቃው የገበያ ዋጋ በላይ የተከፈለው ብቻ ሲሆን፥ ክፍያው ከ75 ዶላር ካለፈ ተቀባዩ የዕቃውን ግምት በጽሑፍ ያስታውቃል። የዕጣ ቲኬት ግን እንደ ስጦታ አይቆጠርም።

ስለዚህ የተከበሩ ነጋዴዎች፥ የዕቃው ዋጋና ስጦታው በየራሱ ደረሰኝ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ተቀባዩ በማን ስም እንደ ተመዘገበ መርምሩ፤ ካጠራጠራችሁም ሒሳቡ ሳይዘጋ የግብር ጽሕፈት ቤታችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ከግብር የማይቀነስ ምጽዋት ዋጋው አይጎድልም፤ ነገር ግን ከባለቤቱ ኪስ እንጂ ከንግዱ ወጪ ሊመዘገብ አይገባም።