የእጃችን ሥራ፦ ሹራብ ስለ መሥራት የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ብዙዎቻችሁ ማታ ማታ ክርና መርፌ ይዛችሁ ሹራብ ትሠራላችሁ። ጀምራችሁ የተዋችሁትም አላችሁ፤ ግማሽ እጅጌ ከነመርፌው በፌስታል ታስሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ከሁለቱም ወገን የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ወድጄ የጀመርኩት ሥራ ለምን ያደክመኛል? ለምንስ ያናድደኛል? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ መልሱ ግን የሚጀምረው ከዘፍጥረት ነው።

ሥራ ከእርግማን አልተወለደም። አዳም ገና ሳይበድል ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ ተሰጥቶታል (ዘፍ. 2፥15)። ስለዚህ በእጅ መሥራት፣ መልክ ከሌለው ነገር መልክ ያለውን ማውጣት፣ ስንፈጠር የተሰጠን ክብር ነው። ላቡና እሾሁ የመጣው በኋላ ነው (ዘፍ. 3፥17-19)። ከዚያ ወዲህ ያለው የሰው ሥራ ሁሉ ክብሩንም ላቡንም ይዞ ይኖራል። የመጀመሪያው ረድፍ ተስተካክሎ ሲወጣ የሚሰማችሁ ደስታ ከክብሩ ነው፤ ያመለጠችው ቀለበት፣ የተወጠረው ትከሻ፣ ያነሰው አንገት ከላቡ ነው። በደስታው ቀን ሥራ ሁሉ ጣፋጭ ነው ብላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ፤ በድካሙም ቀን ሥራዬ አልተባረከም ብላችሁ አትደምድሙ።

በዚያው ምዕራፍ ስለ ልብስ የተነገረውንም ልብ በሉ። አዳምና ሔዋን የበለስ ቅጠል ሰፍተው ለራሳቸው ግልድም አደረጉ (ዘፍ. 3፥7)። ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ እግዚአብሔር ለሁለቱ የቁርበት ልብስ አድርጎ አለበሳቸው (ዘፍ. 3፥21)። አባቶች በዚህ ንባብ ላይ ብዙ ትርጓሜ አላቸው፤ ለዛሬው ትምህርታችን ግን አንዱን ብቻ እንያዝ። በሰው እጅ የተሰፋው የመጀመሪያው ልብስ ከፍርሃት የተነሣ ለራስ የተሠራ ነበር። ሁለተኛው ከርኅራኄ የተነሣ ለሌላው የተሠራ ነው። ዛሬ ደክመን የምንሠራው ልብስ ሁሉ ከሁለቱ ወደ አንዱ ይጠጋል፤ የድካሙም ክብደት እንደተጠጋበት ወገን ይለያያል። ይህን ለመረዳት አስቀድመን የሥራውን ጠባይ ማወቅ አለብን።

ሸማኔ ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመካከሉ ያሳልፋል፤ ሁለት ወገን ክር ይገናኛሉ። ሹራብ ግን አንድ ክር ነው። ያ አንድ ክር ቀለበት ይሆናል፣ በቀለበቷም ውስጥ ሌላ ቀለበት ይሳባል፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። ደረቱ ዙሪያ 100 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሹራብ እናስብ። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ወደ ጎን 20 ቀለበት፣ ወደ ላይ 28 ረድፍ የሚይዝ ከሆነ፣ አካሉ ብቻ 200 ቀለበት በ168 ረድፍ፣ ማለትም 33,600 ቀለበት ይሆናል። ሁለቱ እጅጌዎች ሲጨመሩ ወደ 50,000 ይጠጋል። በደቂቃ 30 ቀለበት የምትሠራ እጅ ያለ ዕረፍት 28 ሰዓት ገደማ ትፈልጋለች፤ ማንም ደግሞ ያለ ዕረፍት አይሠራም። እንዲህ በቀለበት የተሠራ ጨርቅ ይለጠጣል፣ ከክርንና ከደረት ጋር ይታጠፋል፣ አየር ይዞ ያሞቃል። ነገር ግን አንዲት ቀለበት ካመለጠች ከሥሯ ያሉት በሙሉ ተራ በተራ እየተፈቱ ይወርዳሉ። የሚያሞቀውም የሚያስቸግረውም ይኸው አሠራሩ ነው፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቆጥር አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)። ሹራብ ሠሪዎች ይህን ትምህርት ከሁሉ በላይ ይፈልጉታል፤ ብዙው ኀዘን የሚመጣው ይህን ከመዝለል ነውና። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በዚያው ክርና በዚያው መርፌ ከ10 ሴንቲ ሜትር በለጥ የሚል ትንሽ ናሙና ተሠርቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ መለካት አለበት። እጃችሁ ጠበቅ የሚያደርግ ሆኖ በ20 ፈንታ 22 ቀለበት ቢወጣ፣ ያ 200 ቀለበት 100 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ይቀርና 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወንድማችሁ ሊለብሰው ሲሞክር ከደረቱ ላይ ይጣበቃል። ናሙናው አንድ ማታ ቢወስድ ነው፤ እርሱን መዝለል ግን የወር ሥራ ያስፈታል። በእኔ አስተያየት ናሙና መሥራት ትሕትና ነው፤ እጄ ከታሰበው ልትለይ ትችላለች ብሎ አስቀድሞ መቀበል ነውና።

ክሩንም በጊዜው በቂ አድርጎ መግዛት ያስፈልጋል። ለአንድ ዐዋቂ ሰው መካከለኛ ውፍረት ያለው የሱፍ ክር ከ400 እስከ 600 ግራም ሊፈጅ ይችላል። ፋብሪካው በአንድ ጊዜ ያቀለመውና በሌላ ጊዜ ያቀለመው አንድ ዓይነት አይሆንም፤ በሥራው መካከል አልቆ ሌላ ጥቅል ቢመጣ ልዩነቱ በፀሐይ ይታያል። ሱፍ ተለጥጦ ይመለሳል፣ እርጥበትም ይዞ ያሞቃል፤ በሙቅ ውኃ ካሹት ግን የፀጉሩ ቅርፊቶች እርስ በርስ ተያይዘው ይኮማተራል፣ ወደ ቀድሞውም አይመለስም። የመንዝ ሰዎች ከበግ ፀጉር ባና ስለሚሠሩ የሱፍን ጠባይ ከማናችንም ይበልጥ ያውቁታል። ጥጥ ለገላ ይመቻል፤ ግን ይከብዳል፣ ሲሰነብት ወደ ታች ይወርዳል። አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ ለማጠብም ይቀላል፤ በቶሎ ግን ያጎፍራል፣ ትኩስ ካውያ ሲነካው ደግሞ ሕይወት ያጣል። ይህ ሁሉ ተደምሮ በቤት የተሠራ ሹራብ ከሰልባጅ ሹራብ በዋጋ ይበልጣል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ የጀመራችሁት ካላችሁ፣ ምክንያታችሁን አሁኑኑ ለውጡ።

ታዲያ ምክንያቱ ምን ይሁን? ወደ ሐና እንሂድ።

ሐና ልጇን ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ቤት ከሰጠች በኋላ፣ ከባሏ ጋር መሥዋዕት ለማቅረብ በየዓመቱ ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር (1ሳሙ. 2፥19)። ይህች አንዲት ቁጥር ብዙ ታስተምራለች። ልጁ የሚያድገው በሴሎ ነው፤ እናቱ የምትኖረው በሌላ አገር ነው። ስትሠራለት በፊቷ ቆሞ አይለካም። ባለፈው ዓመት ያየችውን ትከሻ አስባ፣ ያደገውን ገምታ ነው የምትሠራው። ዓምና የሠራችው ዘንድሮ አይሆነውም፤ ይህ ግን ሥራዋ ከንቱ መሆኑን አያሳይም፤ ልጇ እያደገ መሆኑን ያሳያል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ትጀምራለች። ልጆቻቸው በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በቴል አቪቭ የሚኖሩ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ በሻንጣቸው ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ያልተለካ ትንሽ ሹራብ ይዘው ይሄዳሉ። ለእነርሱ የምመክረው አንድ ነገር አለ፦ ለሚያድግ ልጅ የምትሠሩትን ከአንገት ጀምራችሁ ወደ ታች ሥሩት። ልጁ ሲረዝም የወገቡንና የእጅጌውን ጫፍ ፈትቶ ቀለበቶቹን በመርፌ አንሥቶ መቀጠል ይቻላል። ለጨቅላ ሕፃን ከሆነ ለስላሳና በቀላሉ የሚታጠብ ክር ምረጡ፤ የሚላቀቅ ቁልፍም አታድርጉ።

ሐና ደክማ ነበር ይሆናል፤ ግን ድካሟ ስም ነበረው፣ ስሙም ሳሙኤል ነው። ለማን እንደሚሠራ ያላወቀ ሰው ግን ድካሙን የሚያሳርፍበት የለውም። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት፣ ከእነርሱ ጋር ሳለች ያደረገችላቸውን ቀሚሶችና ልብሶች ነው (ሐዋ. 9፥39)። ስለ እርሷ የሚመሰክር ሌላ ንግግር አላስፈለጋቸውም። ኢዮብም ራሱን ሲመረምር፣ ልብስ ያጣ ድሀ በበጎቹ ፀጉር ሞቆ እንደባረከው ያነሣል (ኢዮ. 31፥19-20)።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንምጣ። የሹራብ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው መጨረሻው አካባቢ ነው። አካሉ አልቋል፣ አንዱ እጅጌ አልቋል፤ ሁለተኛው እጅጌ ልክ የመጀመሪያውን መድገም ነው፣ አዲስ ነገር የለውም። እዚህ ላይ መሰልቸት ይመጣል፣ ሰውም ያልጨረሰውን ትቶ ሌላ አዲስ ክር መግዛት ያምረዋል። አባ እንጦንስ በበረሃ ይህ መንፈስ ሲያስጨንቀው፣ እርሱን የመሰለ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ተቀምጦ ሲጎነጉን አየ። የታየው መልአክ ነበር፤ መዳን የሚወድ እንዲህ ያድርግ የሚል ትምህርት ተቀበለ። መልአኩ ያሳየው ፈጥኖ መጨረስን አይደለም፤ ሥራና ጸሎት እየተፈራረቁ መሄዳቸውን ነው። እናንተም ጥቂት ረድፍ ሠርታችሁ ተነሡ፤ አንገትና የእጅ አንጓም ዕረፍት ይፈልጋሉ። መርፌው በእጃችሁ ሳለ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት መልካም ነው፤ የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ግን መርፌው ይቀመጥ። እሑድንና የበዓላትን ቀን በተመለከተም አያቶቻችን እንዝርታቸውን ያስቀምጡ ነበር። የእኛ መርፌ ከእንዝርት የተለየ ሆኖ አይታየኝም።

ከመሰልቸት የሚብሰው ደግሞ መተርተር ነው። ስሕተቱ የታየው ከ30 ረድፍ በኋላ ሲሆን፣ ክሩን ስቦ የሠሩትን ማፍረስ ልብን ይነካል። በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረውና የግብፅን መነኮሳት ሥርዓት የጻፈው ዮሐንስ ካስያን ስለ አባ ጳውሎስ የሚነግረን አለ። ይህ አባት ከከተማ በጣም ርቆ ስለሚኖር የሠራውን አጓጉዞ መሸጥ ከዋጋው በላይ ያስወጣው ነበር። ሆኖም የዘንባባ ቅጠል እየሰበሰበ በየቀኑ በራሱ ላይ የሥራ ግዴታ ይጥል ነበር፤ ዓመቱ ሲሞላና ዋሻው ሲሞላ ሁሉን አቃጥሎ እንደገና ይጀምራል። እኛ እንደ እርሱ መነኮሳት አይደለንም፣ ሹራባችንንም አናቃጥልም። ነገር ግን የተተረተረ ሰዓት የባከነ ሰዓት አለመሆኑን ከእርሱ እንማራለን፤ ሥራው በክሩ ላይ ባይቀርም በሠሪው ላይ ቀርቷል። ክሩም አይጠፋም፤ ተጠቅልሎ፣ ለብ ባለ ውኃ ርሶ፣ ተሰቅሎ ሲደርቅ መጠማዘዙ ይለቀዋል።

ይህ ማለት ስሕተትን ሁሉ መፍታት አለባችሁ ማለት አይደለም። ያመለጠች ቀለበት በኪሮሽ ተይዛ ረድፍ በረድፍ ልትነሣ ትችላለች። አስቸጋሪ ክፍል ከመጀመራችሁ በፊት በመርፌው ላይ ባሉት ቀለበቶች ሁሉ ውስጥ ሌላ ቀለም ያለው ቀጭን ክር ብታሳልፉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቢፈታ እንኳ እዚያ ላይ ይቆማል። ከዚያ በተረፈ፣ ለባሹን የማይጎዳና መጠኑን የማያበላሽ ስሕተት ካለ ተዉት። ማንም ለማያየው አንድ የተገለበጠ ቀለበት ብሎ ሹራቡን ሦስት ጊዜ የሚተረትር ሰው፣ ለለባሹ መሥራቱ ቀርቶ ለራሱ ክብር መሥራት ጀምሯል፤ ወደ በለሱ ቅጠል ተመልሷል። የዚህን ዋጋ የሚከፍለው ብርዱ አልፎ ሹራቡ ያልደረሰለት ልጅ ነው። ቤተ ሰብ እራት ሲጠብቅ «ይህን ረድፍ ልጨርስ» የሚለውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

የጌታችን እጀ ጠባብ ስፌት የሌለው፣ ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ የተሠራ እንደነበረ ዮሐንስ ጽፎልናል (ዮሐ. 19፥23)። በ1400 ገደማ ማስተር በርትራም የተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ ይህን አስቦ፣ ዛሬ በሃምቡርግ ሙዚየም በሚገኘው ሥዕሉ ላይ እመቤታችንን ሹራብ ስትሠራ ሥሏታል። በዙሪያ በተደረደሩ መርፌዎች፣ ያለ ስፌት፣ የመጨረሻውን የአንገት ዙሪያ ትሠራለች፤ ልጇ ከአጠገቧ ነው፤ ሁለት መላእክት መስቀሉንና ችንካሩን ይዘው መጥተዋል። የወንጌሉ ልብስ በሽመና የተሠራ ነው፤ እስካሁን የተገኙት ጥንታዊ የሹራብ ሥራዎችም ከግብፅ ሲሆኑ ዕድሜያቸው አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ሠዓሊው በዘመኑ እናቶች እጅ ያየውን ነው የሣለው። በሥዕሉ ላይ ግን ትልቅ ትምህርት አለ፦ ሥራዋ እያለቀ ነው፣ ልብሱም ወዴት እንደሚሄድ መላእክቱ ያሳዩናል። ወታደሮች ዕጣ ይጣጣሉበታል። ሠርቶ የሰጠ ሰው ልብሱ የሚደርስበትን አይወስንም። የሰጣችሁት ሹራብ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀር፣ ወይም ሰውዬው ለሌላ ቢሰጠው አትዘኑ፤ ከእጃችሁ የወጣው ስጦታ ሆኖ ነው።

እንግዲህ ከመጪው ክረምት በፊት አንድ ሰው ምረጡ። ከሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ወይም ከሰፈራችሁ፣ በሐምሌ ጠዋት በስስ ልብስ የምታዩት ልጅ ሊሆን ይችላል። ደረቱንና የእጁን ርዝመት ለኩ፤ ሱፍ ያሳክከው እንደሆነ እናቱን ጠይቁ፤ ናሙናውን ሠርታችሁ እጠቡት፤ ክሩን በአንድ ጊዜ ግዙ። በፌስታል ታስሮ የቆየ ግማሽ እጅጌ ያላችሁ ደግሞ አዲስ ከመጀመራችሁ በፊት እርሱን ፈልጋችሁ አውጡትና ለማን እንደሚሆን ወስናችሁ ጨርሱት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።